የራዳር አፕ ከመምረጣችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ

ስልኬ ላይ ስቶርሙ፣ ወጀቡ ማለቴ ነው፣ 15 ማይል ርቆ ነበር።

ወሩ ሜይ ነው። ትራኬን ይዤ በኢንተርስቴት 40 ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ አማሪሎ እየሄድኩ፣ ሴይር የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ናፍጣ ልሞላ ቆምኩ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ያኔ የምጠቀምበትን ነጻ የዝናብ ራዳር አፕ ከፈትኩ። ስዕሉ ሲያምር! አረንጓዴው እንደ ሐር ለስልሷል፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቀይ ቋጠሮ አለች። ርቀቷን ለካሁ፤ 15 ማይል። ፍጥነቷ በሰዓት 45 ማይል ይላል። «20 ደቂቃ አለኝ፣ ሳትደርስ ሾልኬ አልፋለሁ» አልኩ። ለባለቤቴ ስክሪንሾት አንስቼ «አይዞሽ፣ ሩቅ ነው» ብዬ ላክሁላትና ወጣሁ።

ስድስት ሰባት ደቂቃ እንደነዳሁ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር «ቋ» አለ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ መቁጠር ቀረ። ሎሚ የሚያክል በረዶ ነው። የፊት መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። የቀኙ ስፖኪዮ ረገፈ። ኮፈኑ የተቀጠቀጠ ድስት መሰለ። ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ጋ ስደውል መጀመሪያ ያለኝ «ራዳር አላየህም እንዴ?» ነው። እንዴት አላይም፣ አይቼ ነው እንጂ የወጣሁት!

ማታ ያንን ስክሪንሾት እንደገና አየሁት። ከላይ የስልኬ ሰዓት 5:52 ይላል። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ደብዘዝ ባለች ትንሽ ጽሑፍ ደግሞ 5:38። አሥራ አራት ደቂቃ። በሰዓት 45 ማይል የሚሄድ ነገር በ14 ደቂቃ ከአሥር ማይል በላይ ይጓዛል። 15 ማይል ነው ብዬ የተማመንኩበት ስቶርም ያን ጊዜ አምስት ማይል እንኳ አልቀረውም። አሉኝ ካልኳቸው 20 ደቂቃዎች 14ቱ ናፍጣ ከመቅዳቴ በፊት አልቀው ነበር።

የአፑን ስም አልጠራም። ጥፋቱም ግማሹ የእኔ ነው፤ ሰዓቱ ተጽፎ ነበር።

የምኖረው ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ነው። ትራክ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሜትሮሎጂ አልተማርኩም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ራዳር ነገር ልክፍት ሆነብኝ። የሚያውቁኝ ሾፌሮች ፀደይ ሲመጣ «የትኛውን አፕ ላውርድ?» ብለው ይደውላሉ። ለእነሱ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው። ሰዓት የምጠራው በፈረንጅ ነው፤ ማታ 7 ካልኩ የእኛ ምሽት 1 ሰዓት ማለት ነው።

ሁሉም ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚቀዱት

አሜሪካ ውስጥ ስልክ ላይ የምታዩት ራዳር፣ የአፑ ስም ምንም ይሁን፣ መነሻው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ኔክስራድ ይባላል። ወደ 160 የሚጠጉ የመንግሥት ራዳሮች ናቸው። ማማ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ነጭ ኳስ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ እሱ ነው። አንዱ ከፎርት ወርዝ በስተደቡብ አለ፣ አንዱ ኦክላሆማ ሲቲ አጠገብ፣ አንዱ አማሪሎ። መረጃው ለሕዝብ ነጻ ነው። ማንም ወስዶ አፕ ሊሠራበት ይችላል። ሠርተውበታልም።

ስለዚህ አፕ ስትመርጡ ራዳር እየመረጣችሁ አይደለም። መረጃውን ከራዳሩ እስከ ዓይናችሁ የሚያመጣውን ተላላኪ ነው የምትመርጡት። አንዱ ተላላኪ ሮጦ ይመጣል። አንዱ መንገድ ላይ ቡና ሲጠጣ ይዘገያል። ሌላው ደግሞ አሳምሬ ላቅርብ ብሎ ዕቃውን ይነካካዋል። ዋናው ልዩነት ይኼው ነው። አምስት ሺህ ሰው አምስት ኮከብ ስለሰጠው አይደለም የሚመረጠው፤ ኮከቡን የሰጠው ሰው ምናልባት ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ብሎ ነው የከፈተው።

ከሰዓቱ እንጀምር። ራዳሩ ካሜራ አይደለም። እየዞረ፣ ዙሩን ሲጨርስ ቀና እያለ፣ ከታች እስከ ላይ ሰማዩን ይጠርጋል። ዝናብ ባለበት ጊዜ አንዱን ሙሉ ጥርጊያ ለመጨረስ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሰማይ ጥርት ሲል ደግሞ ዘና ብሎ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከባድ ወጀብ ሲኖር መሃል ላይ ወደ ታች ተመልሶ ዝቅተኛውን ዙር ሊደግመው ይችላል፤ ያኔ በሁለት ደቂቃ ገደማ አዲስ ስዕል ይመጣል። እንግዲህ ይህ ገና ከምንጩ ነው። በዚህ ላይ አፑ የራሱን መዘግየት ይጨምርበታል። ምርጡም አፕ ቢሆን የሚያሳያችሁ ያለፈውን ነው። ጥያቄው ስንት ደቂቃ ያለፈውን ነው የሚለው ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። አፑን ክፈቱ። የስዕሉን ሰዓት ፈልጉ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ካላገኛችሁት አጥፉት። ካገኛችሁት ደግሞ ዝናብ ባለበት ቀን የብሔራዊ አየር ጠባይ አገልግሎትን ድረ ገጽ፣ ራዳር ነጥብ ዌዘር ነጥብ ጎቭን፣ ጎን ለጎን ክፈቱና አስተያዩ። አንድ ሁለት ደቂቃ ልዩነት ምንም አይደለም። አሥር ደቂቃ ከሆነ ያ አፕ ለጃንጥላ ነው፣ ለቶርኔዶ፣ እየተሽከረከረ መሬት ለሚጠርገው አውሎ ነፋስ፣ አይደለም።

አንዳንድ ጠንከር ያሉ አፖች ሰዓቱን በዜድ ነው የሚጽፉት። ከቁጥሩ ኋላ ዜድ ፊደል ካያችሁ የዓለም መነሻ ሰዓት ነው። በዳላስና በኦክላሆማ በፈረንጅ በጋ 5 ሰዓት ቀንሱ፣ በፈረንጅ ክረምት 6። 22:38 ዜድ ካለ በበጋ ከሰዓት በኋላ 5:38 ነው። መጀመሪያ ግራ ይገባል። ግን እኛ ሐበሾች ለዚህ ሒሳብ ከማንም በላይ የተዘጋጀን ነን። አዲስ አበባ ለመደወል ስምንት ሰዓት ደምሮ፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ስድስት ቀንሶ፣ «አሁን እማዬ ተኝታለች» የሚል ሰው ዜድ አያቅተውም።

ቆንጆ ስዕል አትመኑ

ያቺ እንደ ሐር የለሰለሰች አረንጓዴ ትዝ ትላችኋለች? ራዳር እንደዚያ አያይም። ራዳር የሚያየው ቁርጥራጭ ነው፤ ጥራጥሬ የተበተነበት ሰፌድ ይመስላል። ብዙ ነጻ አፖች ይህንን ዓይን እንዳይቆረቁር ብለው ያለሰልሱታል። ሲያለሰልሱት ደግሞ የሚጠፋው ጥቃቅኑ ነው። የቶርኔዶ ምልክት ብዙ ጊዜ ያለው ጥቃቅኑ ውስጥ ነው። ከስቶርሙ ጅራት ላይ እንደ መንጠቆ የሚቀለበስ ቅርጽ አለ፣ በእንግሊዝኛው «ሁክ» የሚሉት። ጥሬው ስዕል ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። የተለሰለሰው ላይ እብጠት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ «ስሙዚንግ» የሚል ካለ አጥፉት። ማጥፊያ ከሌለው ለከባድ ቀን አትደገፉበት።

ሁለተኛው መነካካት ቅልቅል ነው። አብዛኞቹ አፖች የብዙ ራዳሮችን ስዕል አቀላቅለው አንድ የአገር ካርታ ያደርጉታል። ለአጠቃላይ ዕይታ ጥሩ ነው። ስቶርሙ ሲቀርብ ግን የትኛው ራዳር እንዳየው ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም የራዳር ጨረር ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሬቱ ከሥሩ ይጎብጥበታል። ዝቅተኛው ጨረር ከራዳሩ 60 ማይል ላይ ከመሬት ወደ 5 ሺህ ጫማ ከፍ ይላል። 100 ማይል ላይ 9 ሺህ ጫማ ያልፋል። ቶርኔዶ የሚፈጠረው ታች ነው። ከራዳሮች ርቃችሁ ባዶ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አለመታየቱ ታች ምንም የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ራዳሩን በስም የምትመርጡበት አፕ ያስፈልጋችኋል።

ሦስተኛው «ፊውቸር ራዳር» የሚሉት ነው። እሱ ራዳር አይደለም። ኮምፒውተር የገመተው ነው። ዝናቡ ወደ ማታ ይመጣል ወይስ አይመጣም ለሚለው ይሁን፤ አንድን ስቶርም ለማምለጥ ግን እሱን ማየት ጠንቋይ ቤት እንደ መሄድ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴም አንዴ «የዝናብ ራዳር አወረድኩ» ብላ ስዕል ልካልኝ ነበር። እንደዚህ ዓይነት የዓለም ካርታ ላይ ራዳር በሌለበት ቦታ የሚታየው ቀለም ከሳተላይት ወይም ከኮምፒውተር ሞዴል የተገመተ ነው። ልብስ ለማስጣት ግን ይረዳል፣ አልዋሻትም።

በመጨረሻ አፑ ማስጠንቀቂያውን ካርታው ላይ በመስመር ከልሎ ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ቃላት አሉ፣ ብዙ ሰው ያቀያይራቸዋል። «ዋች» ማለት ሁኔታው ተመቻችቷል፣ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ሰፊ ቦታ ይሸፍናል፣ ለሰዓታት ይቆያል። «ዋርኒንግ» ማለት ታይቷል ወይም ራዳር ላይ ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው። ዋርኒንግ ድሮ ለሙሉ ካውንቲ (እንደ እኛ ወረዳ በሉት) ነበር የሚወጣው፤ ከ2007 ወዲህ ግን ስቶርሙ የሚሄድበትን ብቻ ከልለው ነው የሚያወጡት። ያ ክልል ስክሪናችሁ ላይ ካልታየ አፑ ግማሽ ሥራውን አልሠራም። ጥሩ አፕ ላይ መስመሩን ስትነኩት ጽሑፉ ይከፈታል፤ የበረዶው መጠን፣ የንፋሱ ፍጥነት፣ ቶርኔዶው በሰው ዓይን የታየ ይሁን በራዳር ብቻ የተጠረጠረ ይነግራችኋል።

እሺ፣ የትኛውን?

እኔ ሥራውን ከፋፍዬዋለሁ። የሚያሳየኝ ሌላ፣ የሚቀሰቅሰኝ ሌላ። ሁለቱን አንድ አፕ ላይ መጫን ነው ብዙ ሰው የሚሸወድበት።

ለማየት ራዳርስኮፕ ነው የምጠቀመው። ስገዛው አሥር ዶላር ገደማ ነበር። ማስታወቂያ የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፣ «ዛሬ ምን ልበስ» የለውም። ጥሬውን ስዕል ያቀርባል፣ ሰዓቱን ይጽፋል፣ ራዳሩን በስም ትመርጣላችሁ። መብረቅና ሌላም ተጨማሪ ነገር የሚፈልግ የዓመት ክፍያ ይጨምራል፤ እኔ የመጀመሪያውን ደረጃ እከፍላለሁ። ራዳርኦሜጋ የሚባልም አለ፣ የእሱ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ሳተላይቱም ሞዴሉም አብሮ ስላለበት መነካካት ለሚወድ ሰው ይሻላል። ለእኔ በዛብኝ። ጓደኛዬ በሱ ይምላል፣ እንከራከራለን።

መክፈል የማይፈልግ ሰው የመንግሥቱን ድረ ገጽ የስልኩ ስክሪን ላይ አስቀምጦ በሱ ይጀምር። ስልክ ላይ ሲከፈት ትንሽ ይጎተታል እንጂ ነጻ ነው፣ ጥሬ ነው፣ ሰዓቱም አለ። ማይራዳርም ነጻ ነው፤ ቶሎ ይከፈታል፣ ሰፊውን ካርታ ለማየት ጥሩ ነው። ጠዋት «ዛሬ ከየት እስከ የት ነው የሚረብሸኝ» ለሚለው እሱን እከፍታለሁ።

ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ለሚወድ ጂአር ሌቭል 3 የሚባል የዊንዶስ ሶፍትዌር አለ። ከእሱ የሚከብደው ታላቅ ወንድሙ ጂአር 2 አናሊስት ነው፤ ስቶርሙን እንደ ዳቦ ቆርጦ ጎኑን ያሳያል። ዋጋውም ያንኑ ያህል ይከብዳል። ስቶርም የሚያሳድዱ ሰዎች ይወዱታል። ትራክ ውስጥ ላፕቶፕ ለሚከፍት ሾፌር ግን አልመክርም።

አንድ ከአፕ ውጭ የሆነ ነገር ልጨምር። ኦክላሆማ ከገባችሁ የአካባቢውን ቲቪ ስርጭት በስልክ ክፈቱ። እዚያ አገር የቲቪ ሜትሮሎጂስት እንደ ኳስ ተጫዋች ነው የሚታወቀው። ጌሪ ኢንግላንድ የሚባለው እስከ 2013 ድረስ አርባ ዓመት ያህል አንድ ጣቢያ ላይ ሠርቷል፤ ሰዉ ስለሱ ሲያወራ ስለ ዘመድ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ስቶርም ሲነሳ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ይቆምና መንገድ በመንገድ፣ ኤግዚት በኤግዚት ይነግሯችኋል። ማየት ሳያስፈልግ መስማት ብቻ ይበቃል። ለሾፌር ይሄ ወርቅ ነው።

አንድ ስቶርም ፊት ለፊት ሲመጣ

እኔ የማደርገውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። በመጀመሪያ መኪናው ይቆማል። እየነዱ ራዳር ማንበብ የለም።

ራዳርስኮፕን ከፍቼ ቅርብ የሆነውን ራዳር እመርጣለሁ። ሰዓቱን አያለሁ። ከዚያ ዝቅተኛውን ጨረር በ«ሪፍሌክቲቪቲ» አያለሁ። ይህ የተለመደው ባለ ቀለም ስዕል ነው። አረንጓዴ ቀላል ዝናብ፣ ቢጫ ጠንከር ያለ፣ ቀይ ዶፍ። ከቀይ አልፎ ወደ ሮዝና ሐምራዊ ሲሄድ፣ በቀለሙ መለኪያ ላይ ያለው ቁጥር ከ60 ሲያልፍ፣ በረዶን እጠረጥራለሁ። ስክሪኑ ላይ ወደ ሮዝ የሚያደላ ካየሁ መንገዴን አልቀጥልም፣ አለቀ። እዚህ አገር ስኖውንም በረዶ ማለት ለምደናል። እኔ ግን በረዶ ስል የልጅነታችንን ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጣጣውን። ልዩነቱ የቴክሳሱ ቆርቆሮውን ይበሳል።

ቀጥሎ «ቬሎሲቲ»ን እከፍታለሁ። ይህ ዝናቡን አይደለም የሚያሳየው፣ ንፋሱን ነው። አረንጓዴ ማለት ወደ ራዳሩ የሚመጣ ንፋስ፣ ቀይ ማለት ከራዳሩ የሚሸሽ። ልብ በሉ፣ ወደ ራዳሩ እንጂ ወደ እናንተ አይደለም። ብቻቸውን ሲሆኑ ምንም አይደሉም። ደማቅ አረንጓዴና ደማቅ ቀይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ካያችሁ ግን፣ እዚያች ነጥብ ላይ አየሩ እየተሽከረከረ ነው። ብዙ ጊዜ የምትገኘው መንጠቆው አካባቢ፣ ከስቶርሙ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው «ኮሪሌሽን ኮኤፊሸንት» ይባላል፤ በአፑ ላይ በሁለት ፊደል «ሲሲ» ብለው ያሳጥሩታል። ራዳሮቹ ይህንን ማሳየት የቻሉት በ2013 ተሠርቶ ባለቀው ማሻሻያ ነው። የሚመልሰው ጥያቄ «አየር ላይ ያለው ነገር አንድ ዓይነት ነው ወይ?» የሚል ነው። ዝናብ ብቻ ከሆነ አንድ ዓይነት ነው፣ ቁጥሩ ወደ 1 ይጠጋል። ያ ቀይና አረንጓዴ የተጣበቁበት ቦታ ላይ ቁጥሩ ድንገት ወርዶ ሰማያዊ ጉድጓድ ከታየ፣ አየር ላይ ያለው ዝናብ አይደለም። የጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፣ የሰው ቤት ነው። ያኔ ቶርኔዶው ይመጣል አይመጣም የሚባል ነገር የለም፣ መሬት ላይ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ ሆዴ ተገለባበጠ። ስክሪን ላይ ያለች የጥፍር ታህል ሰማያዊ ናት፤ ግን የአንድ ሰው ሳሎን ናት።

ይህን ስላወቅሁ ግን አዋቂ ነኝ ብዬ አልጠጋም። ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሪኖ፣ ኦክላሆማ ላይ ስፋቱ 2.6 ማይል የደረሰ ቶርኔዶ ወጣ። ቲም ሳማራስ፣ ልጁ ፖልና ካርል ያንግ እዚያ ሞቱ። ዕድሜያቸውን ቶርኔዶ ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ኤል ሪኖ ደግሞ እኔ በየሳምንቱ የማልፍበት ኢንተርስቴት 40 ላይ ነው። እነሱን የቀደመ ነገር እኔን በባዶ ትሬለር አይቀድመኝም? ድልድይ ሥር መጠለልም አይሆንም፤ ንፋሱ እዚያ ይጠብባል እንጂ አይቀንስም። በ1999ኙ የኦክላሆማ ቶርኔዶ ድልድይ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ሞተዋል። አፑ የሚጠቅመው ቶሎ ቆሞ ትራክ ስቶፕ ውስጥ ለመግባት ነው። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ሽንት ቤትም ቢሆን።

የሚቀሰቅሰው

አሁን ሌላኛው ሥራ። እኔ ስተኛ ራዳርስኮፕ ምን ያደርግልኛል? ምንም።

መጀመሪያ ስልኩ ራሱ ያለውን የመንግሥት ማንቂያ አረጋግጡ። ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ ያ ልብ የሚያቆመው ጩኸት። አይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ፣ ከዚያ እስከ ታች ውረዱ። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ኢመርጀንሲ አለርትስ» ብላችሁ ፈልጉ። ስንቱ ሾፌር ነው አንድ ቀን እንቅልፉን ስላቋረጠው ተናዶ ያጠፋው! የዚህ ማንቂያ ደግነቱ ቤታችሁ የት ነው አይልም፤ አሁን የቆማችሁበትን ነው የሚያየው። ለሾፌር የተሠራ ይመስላል። ለቶርኔዶ ይጮሃል። ለተራ ነጎድጓድ ግን አይጮህም፤ ንፋሱ በሰዓት 80 ማይል ወይም በረዶው ቤዝቦል የሚያክል ካልሆነ በቀር። የእኔን መስታወት የሰበረው ሎሚ አያስጮኸውም ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ኢመርጀንሲ የሚባል ነጻ አፕ አለው። ያላችሁበትንም ይከተላል፣ ሌላ ቦታም ትጨምሩበታላችሁ። እኔ ጋርላንድን፣ ልጄ የምትማርበትን ከተማና የወንድሜን ቤት አስገብቻለሁ። ሎኬሽኑን «ሁልጊዜ» ብላችሁ ፍቀዱለት፤ «ስጠቀም ብቻ» ካላችሁት ስትተኙ እሱም ይተኛል።

ሦስተኛው አፕ አይደለም፣ ሬዲዮ ነው። ኖኣ ዌዘር ራዲዮ፣ የመንግሥት የአየር ጠባይ ሬዲዮ። በ162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሰባት ጣቢያ አለው፣ ሃያ አራት ሰዓት ያወራል፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ምዕራብ ኦክላሆማና ፓንሃንድል (የቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ) ላይ ስልክ ጥሎን የሚሄድባቸው ቦታዎች እንዳሉ የሄደበት ያውቃል። ችግሩ ሬዲዮው የሚጠራው በካውንቲ ስም ነው። «ቤካም ካውንቲ» ቢል መንገደኛ ምን ያውቃል? እኔ ዳሽቦርዱ ላይ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ የምሄድበትን መንገድ ካውንቲዎች በቅደም ተከተል ጽፌበት። የት እንደገባችሁ መንገድ ዳር ያለው ምልክት ይነግራችኋል።

ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ኖርማን፣ ኦክላሆማ ያለውን የስቶርም ፕሪዲክሽን ሴንተር፣ የመንግሥቱን የወጀብ ትንበያ ማዕከል፣ ካርታ አያለሁ። ቀኑን በአምስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ማርጂናል፣ ስላይት፣ ኢንሃንስድ፣ ሞደሬት፣ ሃይ። ስሞቹን ማን እንዳወጣቸው እንጃ። «ሞደሬት» ሲባል መካከለኛ ይመስላል፤ ከአምስቱ አራተኛው ነው! ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ። መንገዴ ላይ 3 ካለ ለዲስፓቸሩ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ልቆም እንደምችል። 4 ካለ ልቆም እችላለሁ አልልም፣ እቆማለሁ።

ይሄ ሁሉ የፀደይ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛ ጋርላንድን የመታን በዲሴምበር ነው፣ በ2015፣ በፈረንጅ ገና ማግስት፣ ከጨለመ በኋላ። አሥር ሰው ሞተ። አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ፣ ኢንተርስቴት 30 እና ጆርጅ ቡሽ ተርንፓይክ የሚገናኙበት። በዚያ መገናኛ ባለፍኩ ቁጥር መሪውን ጠበቅ አደርጋለሁ።

ቤት ውስጥ ያለው ሰው

አማቴ ከጎንደር መጥታ ከእኛ ጋር ትኖራለች። እንግሊዝኛ አታነብም። የስልኩ ማንቂያ ደግሞ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንጂ በአማርኛ አይመጣም። እኔ መንገድ ላይ፣ ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። ምን ይደረግ?

ዌዘር ራዲዮዋን ኩሽና ውስጥ፣ ከጀበናው መደርደሪያ በላይ አስቀመጥኩላት። ሬዲዮው የምትፈልጉትን ካውንቲ ብቻ እንዲጠራ ኮድ ይሞላበታል፤ ዳላስ ካውንቲን ብቻ ሞላሁ፣ ሌላ ቦታ ሲዘንብ እየጮኸ እንዳያሰለቻት። ከዚያ ሜኑው ውስጥ ገብቼ ከቶርኔዶ ዋርኒንግ በቀር ሌላውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ አጠፋሁ። እኔ ትራኬ ውስጥ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ለእሷ ግን አንድ ጩኸት፣ አንድ ትርጉም። ሲጮህ መኝታ ቤት ያለውን ኮሪደር አልፋ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ነጠላዋንና ስልኳን ይዛ። ባትሪውን በሰዓት ለውጥ ቀን እቀይራለሁ።

በየሳምንቱ ረቡዕ ቀትር ገደማ መሞከሪያ ጩኸት አለ፤ እሱን አላጠፋሁትም። መጀመሪያ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሃያ ደቂቃ ተቀምጣ ደወለችልኝ። «አንተ፣ ውጪ ፀሐይ ነው፣ ልውጣ ወይ?» አለችኝ። ሻምሮክ አካባቢ ቆሜ ነበር። ራዳርስኮፕን ከፍቼ የፎርት ወርዙን ራዳር መረጥኩ፣ ሰዓቱን አየሁ፣ ባዶ ነው። «ይውጡ እማማ፣ ሙከራ ነው» አልኳት። አሁን ረቡዕ ረቡዕ ሲጮህ «ጮኸ፣ ሰላም ነው» ብላ ቡናዋን ታቀራርባለች። ከረቡዕ ሌላ በሆነ ቀን ሲጮህ ግን መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ወደ እኔ ስልክ። ባለፈው ኤፕሪል አንድ ማክሰኞ እንደዚያ ደወለችልኝ። «ገብቻለሁ፣ አንተ የት ነህ?» አለችኝ። እኔ ገና ራዳሩን እየከፈትኩ ነበር።